«ኢቢዲ ጂራ?»፦ ካንዴላ ወደ ባኮ የመጣበት መንገድ

መኪናዋ የጠፋችው ባኮ ከተማ መግቢያ ላይ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ዝናቡ ደግሞ ከጌዶ ጀምሮ ያልለቀቀን። የአጎቴ ቮልስዋገን በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ ሁለት ጊዜ አሳለች፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። እኔም እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ፦ ወርጄ ጎማውን በእግሬ መታሁ፣ የኋላውን መክደኛ ከፍቼ ሞተሩን በቁም ነገር ተመለከትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት።

አንድ የባጃጅ ሹፌር አዘነልኝና ሁለት ልጆች ጠርቶ እየተገፋን አንድ ጋራዥ ደረስን። ጋራዥ ስል የሚንጣለል ነገር እንዳታስቡ። አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አራት ቋሚ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ሥሩ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት። ሰማያዊነቱ የተረሳ ቱታ የለበሱ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ከበርሜል ላይ ተነሡ። የመኪናዋን ሞዴል አልጠየቁኝም፣ ከየት እንደመጣሁም አልጠየቁኝም። ሞተሩ ላይ ወዳጎነበሰው ረዳታቸው ዞረው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦

«ኢቢዲ ጂራ?»

እሳት አለ ወይ ማለታቸው ነው። ልጁ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ከብረቱ ጋር አገናኝቶ ያዘና ቁልፉን እንዳዞር በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አዞርኩ። «ሂንጂሩ» አለ፤ የለም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሲነጋገሩ ግሡ ሁሉ ኦሮምኛ፣ ስሙ ሁሉ ጣልያንኛ ነበር፦ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ባትሪያ። እኔ መሀል ቆሜ የምረዳው «ባትሪ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ የነበረኝ ሥራ መጠየቅና መስማት ስለነበር፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ከሰዓት ውጤት ነው። ሲመለሱ ያነበብኩትም ተጨምሮበታል።

ከቃሉ እንጀምር። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው። ያቺው ቤተ ክርስቲያን የምትበራው፣ መብራት ሲጠፋ የምንፈልጋት ሻማ። ፈረንሳዮችም ያችኑ የሞተር ዕቃ «ቡዢ» ይሏታል፤ እሷም ሻማ ናት። ስለዚህ የአንድ አዲስ አበባ መካኒክ «አራቱንም ካንዴላ ቀይር» ሲላችሁ «አራቱንም ሻማ ለውጥ» ማለቱ ነው። ቱታውም ጣልያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ናፍጣ... ከአንድ መኪና ላይ የጣልያንኛውን ቃል ብናራግፍ የሚቀረን መሪ፣ መስታወትና ወንበር ነው። ታዲያ እንዴት? በዓድዋ ያሸነፍነው፣ በአምስት ዓመቱም በዱር በገደሉ የተዋጋነው አገር ቋንቋ ከኮፋኖ ሥር እንዴት ገብቶ ቀረ?

ሊገርማችሁ የሚገባው ነገር የመጀመሪያው መኪና ጣልያናዊ አለመሆኑ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ያኔ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር የቆመው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መኪናዋ በረሃውንና ገደሉን ያለፈችው ገሚሱን በራሷ ጉልበት፣ ገሚሱን በሰው ጉልበት ነው። ክሊፈርድ ሃሌ የተባለ ሰው በ1913 እ.ኤ.አ. ይህን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ አሳትሟል። አጼ ምኒልክ አዲስ ነገር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩና መኪናዋን ራሳቸው ወጥተው ሞከሯት።

ከዚያ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ያለ ፈረስ የሚሄድ አንድ ነገር ታይቶ ነበር፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያመጣው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት ማሽን። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የዛሬው ነገራችን ነው። የሰርኪስ ባቡር እሳቱ ከውጭ ይታያል፤ እንጨት ይማገዳል፣ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይገፋል። ጀበና የጣደ ሰው ሁሉ ይገባዋል። የቤንትሊ መኪና እሳት ግን የተዘጋ ብረት ውስጥ ነው። ማንም አያየውም። አንድ ጊዜ ተለኩሶ የሚነድ እሳትም አይደለም፣ በየሰከንዱ ደጋግሞ የሚለኮስና የሚጠፋ ነው። ማን ይለኩሰው? በምን?

የመኪና ፈጣሪዎችን ከሁሉ በላይ ካስቸገሯቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር። ዳይምለርና ማይባህ በ1885 እ.ኤ.አ. በሠሩት ሞተር ላይ ያደረጉት የዋህ መፍትሔ ነው፦ ትንሽ ቱቦ ከሲሊንደሩ ጎን ሰክተው ከውጭ በነበልባል እስኪቀላ ያግሉት ነበር። የቤንዚን ታንክ አጠገብ የሚነድ ነበልባል፣ ያውም እየሄደ! ቤንዝ ደግሞ በባትሪ ጀመረ፤ የዚያ ጊዜ ባትሪ ግን ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው የመጣው ከሽቱትጋርቱ ሮበርት ቦሽ ሱቅ ነው። ማግኔቶ የሚባለውን፣ ባትሪ ሳይፈልግ በራሱ መሽከርከር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዕቃ በ1887 እ.ኤ.አ. ለቋሚ ሞተር ሠራ፤ በ1897 ተሽከርካሪ ላይ ገጠመው፤ በ1902 ደግሞ የእሱ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከካንዴላ ጋር የሚሠራውን ከፍተኛ ቮልት ማግኔቶ አወጣ። የቦሽን ምልክት አይታችሁት ከሆነ፣ ክብ ውስጥ ያለችው ነገር የማግኔቶው እምብርት ናት። እኔ እስከ ዘንድሮ ድረስ ፊደል ይመስለኝ ነበር።

ባትሪው የተመለሰው በአሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። በባትሪ፣ በቦቢናና በፑንቲና የሚሠራው ሥርዓት የእሱ ነው፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ላይ የገጠመው ሞተሪኖም እንዲሁ። ከዚያ በፊት መኪና የሚነሳው በማኖቤላ ነበር። የማኖቤላ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እሳቱ ፒስተኑ ላይ ሳይደርስ ቀድሞ ከተለኮሰ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና ክንድ ይሰብራል። ባኮ ያሉት ሽማግሌ ቀኝ ክንዳቸውን አሳዩኝ። ቀጥ ያለ አይደለም።

አሁን ወደ ምዕራቡ መንገድ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ምዕራቡ ግን ወዲያው አልተያዘም። በሰኔ ወር ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉት ጣልያኖች የመጡት በአውሮፕላን ነበር፤ የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ብዙዎቹ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ አውሮፕላኖቹን አቃጥለው የአየር ኃይል ጄኔራሉን ቪንቼንሶ ማሊዮኮን ጨምሮ መኮንኖቹን ገደሏቸው። ይህን ታሪክ ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚስበኝ ያን ያህል ያልተወራለት ክፍል ነው፦ ከዚያ በኋላ የመጣው መንገድ። ጣልያን ይህን አገር በጦር ብቻ እንደማይዘው ስለገባው በአምስቱ ዓመት ከዋና ከተማይቱ በየአቅጣጫው መንገድ ሲዘረጋ፣ አንዱ አቅጣጫ በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምት የሚሄደው ነበር። መንገዱን ተከትሎ ካሚዮን፣ ካሚዮኑን ተከትሎ ጋራዥ፣ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ዕቃ አቀባይ ኢትዮጵያዊ ልጅ።

ቃሉ የገባው በዚህ ልጅ በኩል ነው። አለቃው «ካንዴላ!» ብሎ ሲጮህ ካንዴላ ያቀብላል፤ ካቻቢቴ ሲል ካቻቢቴ። ትርጉም የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም። ከነጻነት በኋላም በ1933 ዓ.ም. ጣልያኖቹ ሁሉ አልሄዱም፤ ባለሙያ ስለነበሩ አገሩ የሚፈልጋቸው ብዙዎች ቀርተው ጋራዥና ዎርክሾፕ ከፈቱ። በ1934 የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ በመጽሐፍ እንግሊዝኛውን አስተማረ፣ በ1943 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ከአሜሪካኖች ጋር ሆኖ መንገድ ሠራ። ስሙን ግን ማንም አላስለቀቀውም። ሽማግሌው ራሳቸው ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ከአንድ ጣልያን ጋራዥ ከወጣ መካኒክ ነው። «ጣልያኑን አይቼው አላውቅም፣ ስድቡን ግን አውቃለሁ» አሉኝ። መምህራቸው የሚሳደበው በጣልያንኛ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላነሳሁ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ ሲመላለሱ የኖሩት ታላላቆቹ ካሚዮኖች ካንዴላ የላቸውም። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጣልያን ዘመን ፊያት፣ ከእሱ በኋላም በየአገሩ ስሙ የገነነው ፊያት 682፣ የኛ ሰው «ኤንትሬ» ያለው፣ በናፍጣ ነው የሚሠሩት። ሩዶልፍ ዲዝል ያደረገው እሳቱን ጭራሽ ማስወገድ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ብቻ እስከ ሃያ እጥፍ ድረስ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ይግላል (የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያውን ጫፍ ነክቶ ያውቃል)፤ ከአምስት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ናፍጣው ይረጭበትና በራሱ ይነዳል። ባጭሩ ካሚዮን ነጂ ክረምት ከበጋ ስለ እሳት አይጨነቅም። የሚጨነቀው እንደ እኔ ቤንዚን የሚነዳው ነው።

የቤንዚን ሞተር ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለውን አየር ያን ያህል ሊጨምቀው አይችልም፣ ያለጊዜው ይነድበታል። ስለዚህ ለኳሽ ይፈልጋል። ችግሩ ባትሪያችን 12 ቮልት ብቻ ነው፤ በተጨመቀ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ለመዝለል ግን ብዙ ሺህ ቮልት፣ አንዳንዴ ከአሥራ አምስትና ሃያ ሺህ በላይ ያስፈልጋል። ቦቢና የሚባለው ጣሳ የሚሠራው ይህን ነው። ውስጡ በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራምና ጥቂት ዙር፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና ብዙ ሺህ ዙር። በወፍራሙ የባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሄድ ብረቱ ማግኔት ይሆናል። ያን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። እሳቱ የሚመጣው ሲቋረጥ ነው! ማግኔቱ በድንገት ሲፈርስ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ያ ሁሉ ሺህ ቮልት ይወለዳል።

የሚያቋርጠው ፑንቲና ነው፤ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያሉ፣ ሲገናኙና ሲለያዩ የሚውሉ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በሰከንድ መቶ ጊዜ ይከፈታል። መቶ! ከጎኑ ያለችው ኮንደንሰር በሚለያዩበት ቅጽበት በነጥቦቹ መሀል የሚዘለውን እሳት ትውጣለች፤ እሷ ከሞተች ፑንቲናው ይቃጠላል፣ የካንዴላውም እሳት ይደክማል። ከቦቢናው የወጣው ሺህ ቮልት በወፍራም ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ቆብ መሀል ይመለሳል፤ እዚያ ውስጥ የምትሽከረከር ጣት አለች፤ ለአራቱ ሲሊንደር በተራ ታድላለች። በቮልስ ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። በላዳ 1፣ 3፣ 4፣ 2። ላዳ ካነሳን አይቀር፣ የአዲስ አበባን ሰማያዊ ነጭ ታክሲ ከሴቼንቶ የተረከበችው ላዳ ራሷ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶልያቲ በሚባል የሶቪየት ከተማ የተመረተች የፊያት 124 ልጅ ናት። ደርግ ከሞስኮ ያመጣት መስሎት ከቶሪኖ ነው ያመጣት። መካኒኮቻችን ምንም አዲስ ቃል መማር አላስፈለጋቸውም።

ወደ ማንጎው ዛፍ እንመለስ። ሽማግሌው ያደረጉትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት መኪናዬን ካዩት ሰዎች ማንም አላደረገውም። ከሦስት ወር በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ይቺው መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ዝናብ በዘነበ ቀን ጠፍታብኝ ነበር። የሄድኩበት ጋራዥ ሳይፈትሽ ቦቢና አስገዛኝ። አልተሻላትም። አራት ካንዴላ አስገዛኝ። ፀሐይ ወጣና ተነሳች። «አየህ?» አሉኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ።

ሽማግሌው መጀመሪያ የፈተሹት ባትሪውን ነው። ሞተሪኖው በደንብ ስላሽከረከረ ባትሪው ደህና ነው ብለው አላለፉም፤ በአንዲት መፈተሻ አምፖል ከባትሪው ወደ ቦቢናው የሚገባው ሽቦ ላይ ቁልፉ ተከፍቶ ኤሌክትሪክ መኖሩን አዩ። በራ። ቀጥሎ አምፖሏን ቦቢናው ከፑንቲና ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ አድርገው ሞተሩን አስዞሩኝ። አምፖሏ ብልጭ ድርግም አለች። ፑንቲናው ይከፈታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። ሁልጊዜ በርታ ብትቀር አይዘጋም፤ ጭራሽ ባትበራ አይከፈትም። ቆቡን አንሥተውም ክፍተቱን ለኩ። የቮልስ ፑንቲና 0.4 ሚሊ ሜትር ነው የሚከፈተው። መለኪያቸው ምን ይመስላችኋል? አራት ምላጭ! የተለመደው ባለሁለት ስለት ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። አራቱን ደርበው በመሀል አሳለፉት፤ ሳይጠብቅ ሳይላላ ገባ። ነጥቦቹን በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ አበስ አደረጓቸው።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው የገረመኝ። ከቦቢናው ወደ ቆቡ መሀል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ነቀሉና እጀታው ላስቲክ በሆነ ፒንሳ ይዘው ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አራቁት። «አዙር!» ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ድምፅ ያለው እሳት። ቢጫና ቀጭን ቢሆን ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሯ ደክማለች ይባላል፤ ይኼ ግን የሚያስደነግጥ እሳት ነበር።

«እስከዚህ ድረስ ያለው ቤት ሁሉ ጤነኛ ነው» አሉ። «ባትሪውም፣ ቁልፉም፣ ቦቢናውም፣ ፑንቲናውም፣ ኮንደንሰሯም። እዚህ እሳት አለ፤ ካንዴላው ጋ የለም። መንገድ ላይ የሚሰርቀው አለ።»

ልብ በሉ፣ በአንዲት ገመድ ጥርጣሬውን ለሁለት ከፈሉት። ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ ጥለው የቀራቸው ቆቡ፣ ጣቷና አራቱ ገመዶች ብቻ ነው። ቆቡን ገልብጠው ወደ ብርሃን ያዙት። ውስጡ ላብ ብሏል። በጨርቅ ጠረጉት፣ ጠራ። ከዚያ በጥፍራቸው አንዲት መስመር አሳዩኝ፤ ከመሀሉ ጀምራ ወደ ጎን የምትወርድ፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር። ስንጥቅ ናት፤ ውስጧ ካርበን ሞልቷል። ሲደርቅ ብዙም አትጎዳም፤ እርጥበት ሲገባባት ግን ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጋ ከመሄድ ይልቅ በእሷ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይወርዳል። ሺህ ቮልት እንደ ውሃ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ቮልስ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የመክደኛው ላስቲክ አርጅቶ ስለነበር የጌዶ ዝናብ ቀጥታ ቆቡ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር የመጣው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ የገዛሁት ቦቢና... ተዉት።

የቦታው ነገርም አለበት። ከጌዶ ብርድ ወደ ባኮ ስትወርዱ ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፤ ባኮ 1650 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጊቤ ወንዝ አካባቢ፣ ሞቃትና እርጥብ ነው። (ለከተማ ልጅ ባኮን ለማስታወስ፦ ገበሬው «ቢኤች 660» የሚለው የበቆሎ ዘር ውስጥ ያለችው «ቢ» ባኮ ናት፤ የምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው።) በብርዱ የቀዘቀዘ ቆብ ሞቃት እርጥብ አየር ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ መነጽር እንደሚያልበው። ከፍታው ራሱም ቆቡን ይፈታተነዋል። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይዘልበታል፤ በከፍታ የሚበሩ የድሮ አውሮፕላኖች ማግኔቷቸው ውስጥ እሳቱ ያለቦታው እየዘለለ ስላስቸገረ አየር ተጨምቆ እንዲገባበት ተደርጎ ነበር። አዲስ አበባና ጌዶ ላይ የምንነዳ ሰዎች ያለ አውሮፕላን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነን። ካርቡራቶር ያላት መኪናም በቀጭኑ አየር ቤንዚን ታበዛለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሽማግሌው አራቱንም ፈትተው እንደ ሲኒ አተላ ደርድረው አነበቡልኝ፦ ጫፉ የብስኩት ቀለም ከሆነ ጤነኛ፣ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን የበዛበት፣ እርጥብና ቅባት ያለው ከሆነ ዘይት የሚያስገባ፣ ነጭ ከሆነ ከመጠን በላይ የጋለ። የእኔ ሦስቱ ብስኩት፣ አንዱ ጥቁር።

ይህን አንብባችሁ ነገ ጠዋት የራሳችሁን መኪና ገመድ ለመንቀል የተነሣችሁ ካላችሁ ቆይ! ይህ የፑንቲና ዘመን ፍተሻ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ያለው መኪና ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክስ ተክቷል፤ እሳቱ የበለጠ ብርቱ ነው፣ ገመዱን ነቅሎ በአየር ላይ መተው ደግሞ ውድ ዕቃ ያቃጥላል። ለእነሱ በካንዴላው ገመድ ላይ የሚሰካ ርካሽ የእሳት መፈተሻ አለ። በባዶ እጅ መያዝ የለም፤ ልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ጭራሽ እንዳይጠጋ። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታም እሳት አይፈተሽም፣ ይህን መናገር ያስፈልጋል ብዬ አላስብም ነበር፣ አይቻለሁ።

ቪትዝ ለምትነዱት ደግሞ ዲስትሪቢዩተር የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ቦቢና ቆብ አድርጎ ደፍቷል። የሞተር መብራት በርቶ ማሽኑ «ፒ0301» ካላችሁ አንደኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው። አራት ቦቢና ከመግዛታችሁ በፊት የአንደኛውንና የሁለተኛውን ቦቢና አቀያይሩና ትንሽ ነድታችሁ እንደገና አንብቡ። «ፒ0302» ካለ ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል፤ አንድ ብቻ ግዙ። «ፒ0301» ላይ ከቀረ ቦቢናው ንጹሕ ነው፤ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን እዩ። መሣሪያው ቢለያይም ዘዴው የባኮው ነው፦ ጥርጣሬን መክፈል።

ሽማግሌው ስንጥቁን በምላጭ ጫፍ ፈቅፍቀው አጸዱት፣ ቆቡን ከማንጎው ሥር ባለች የከሰል ምድጃ ላይ ከሩቅ አሞቀው አደረቁት፣ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ቀደው ከዝናቡ እንዲከልል አለበሱት። ቁልፉን አዞርኩ። በመጀመሪያው ዙር ተነሳች።

ቡና እስኪደርስ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አነሣሁባቸው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ አገር ውስጥ እንደማይገቡ አስታውቋል፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ቦቢናም፣ ማርሚታም፣ ፍሪሲዮንም። ያ ዕቃ አቀባይ ልጅ በጆሮው የያዘው መዝገበ ቃላት ግማሹ በአንድ ትውልድ ሥራ ፈት ይሆናል። ይህን ስነግራቸው የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ነቀምት ሲያልፍ ቆሞ አይተውታል። ሥሩ ተኝተው ሳይቀር አይተውታል።

«ባሌስትራ ባይኖረውም ኩሽኔታ አለው» አሉኝ። «ጎማም አለው። በዚህ መንገድ ላይ ኩሽኔታ ካለው እኔ ጋ ይመጣል።» ረዳታቸው ግን ከእኛ ራቅ ብሎ ስልኩ ላይ ነበር፤ ኋላ ሲያሳየኝ የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና የሚያስተምር የህንድ ቪዲዮ እያየ ነው። ድምፁን አጥፍቶ። እንግሊዝኛውም ህንድኛውም ስለማይገባው እጁን ብቻ ነው የሚያየው።

የጠየቁኝ ዋጋ የአንድ ካንዴላ ያህል አይሆንም። ልሄድ ስል በመስኮት ጎንበስ ብለው «ቆቡ ጊዜያዊ ነው፣ ስትገባ አዲስ ግዛ። ቦቢና ቀይር ቢሉህ እንዳትሰማ» አሉኝ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አሮጌውን ቆብ አውጥቼ አሳየሁት ለባለ ሱቁ። አገላብጦ አየው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ።

«የቮልስ ቆብ ጠፍቷል» አለኝ። «ቦቢና ግን አለ፣ ልስጥህ?»